ኃላፊ ሲጨንቀው ለማን ይደውላል?

  የዛሬው ዝግጅት ሰው ለምታስተዳድሩ ነው። ይህን ስል ትልቅ ወንበር ላይ ያለውን ብቻ ማለቴ አይደለም። የጤና ጣቢያ ኃላፊዋ፣ ርእሰ መምህሩ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበሩ፣ ስድስት አስተናጋጅ ያላት የምግብ ቤት ባለቤት፣ ትናንት ባለሙያ የነበረውና ዛሬ ጠዋት በደብዳቤ ቡድን መሪ የሆነው ልጅ፣ ሁላችሁም አላችሁበት። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሥራውን የምትማሩት የት ነው? ከማንስ?

ወሬዬን ከጨነቅ ልጀምር። ለማታውቁት፣ ጨነቅ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ካምፕ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ላይ፣ የብዋሂት ዳገት ሳይጀምር ታገኙታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ቀን ጭላዳው ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ይውላል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ዋሊያ ይታያል፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ብርዱ ዘመድ አያውቅም። አንድ ምሽት እዚያ አድሬ ነበር። ጎብኚዎቹ ራታቸውን በልተው ድንኳናቸው ከገቡ በኋላ፣ በጭስ በጠቆረችው የማብሰያ ጎጆ ውስጥ አስጎብኚዎቹ፣ ምግብ አብሳዮቹ፣ በቅሎ ነጂዎቹና መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙት የጎብኚ ጠባቂ ስካውቶች እሳቱን ከበው ተቀመጡ። የአንድ ቡድን ሰዎች አልነበሩም። ያን ቀን ጨነቅ ላይ የተገጣጠሙ የአራት ቡድን ሰዎች ናቸው።

አንዱ ወጣት አስጎብኚ ዝም ብሏል። አንድ ሸበቶ ስካውት አዩትና ጠየቁት።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«እንግዳዬን ራሱን አሞታል ጋሼ። ራቱንም አልበላ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግጭ ካምፕ ስናድር ነው የጀመረው።»

ከጎኑ የነበረ ሌላ አስጎብኚ ጣልቃ ገባ። «ታዲያ ዛሬ ለምን ይዘኸው መጣህ?»

«ኪኒን ወስጃለሁ፣ ቀላል ነው አለኝ። ነገ ብዋሂትን ካልወጣሁ ይላል። ከፍሏላ!»

«የሚወስነው እሱ ነው አንተ?»

ልጁ መልስ አጣ። ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ማንም «እንዲህ አድርግ» ብሎ አላዘዘውም። ጥያቄው ግን ቀጠለ። ሲራመድ ይንገዳገዳል? አስመልሶታል? መኪና ካምፑ ውስጥ አለ? ሾፌሩ የት ነው ያለው? ልጁ እየመለሰ፣ እየመለሰ፣ ራሱ «ሌሊቱን ካልተሻለው በጠዋት አወርደዋለሁ፣ ከባሰበትም አሁኑኑ» አለ። በማግስቱ እንግዳውን መኪና ላይ ጭኖ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደባርቅ ወረደ። ለከፍታ ሕመም ከመውረድ የተሻለ መድኃኒት እንደሌለ ሲሠለጥን ሰምቶ ነበር፤ ደብተሩ ላይም ይኖራል። የጎደለው እውቀት አልነበረም። የከፈለን ሰው «አይሆንም» ማለት ነው ያቃተው። እሱን ደግሞ እንዲህ ባለ ምሽት፣ ያው «አይሆንም» ባንድ ወቅት ካቃታቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ ነው ሰው የሚማረው።

ቀጥሎ ሌላው የራሱን አመጣ፤ በቅሎ ነጂው ተራው ደርሶ የመጣ ነው፣ በቅሎዋ ግን ወገቧ ተልጧል፤ ልመልሰው ወይስ ልጫን? ሦስተኛው ሁለት እንግዶቹ ተጣልተውበታል። እስከ እኩለ ሌሊት እንዲህ ሲሉ አመሹ። አስተውሉ፣ አስጎብኚ ማለት አራት ቀን ብቻ የሚኖር መሥሪያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነው። ሠራተኛ አለው፣ በጀት አለው፣ ዳቦና ላምባ የሚቆጠርበት መጋዘን አለው፣ ቅሬታ የሚያቀርብ ደንበኛ አለው፣ ሊደርስ የሚችል አደጋም አለው። ሥራ አስኪያጅ ብሎ የጠራው ግን የለም።

ጨነቅ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አልፈላሰፍም። አዲስ ኃላፊ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያውቀው አንድ ቃል ቢኖር ግን እሱ ነው፤ ጨነቀኝ። ለአለቃ አይነገርም፣ አይችልም ይባላል። ለበታች አይነገርም፣ ይናቃል። ለሚስት ወይም ለባል ይነገር ይሆናል፣ ግን የበጀት መዝጊያ ምን እንደሆነ ከየት ያውቁታል? ለማን ይነገር?

የራሴን ልናገር። ሃያ ስምንት ዓመቴ ላይ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተደረግሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። ደብዳቤው ዓርብ ደረሰኝ፣ ሰኞ ርክክብ ሆነ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ መኪና እየጠበቀው ነበርና ተጣድፏል፤ እኔም ደንግጫለሁ። ዝርዝሩ ቀረበልኝ፣ ፈረምኩ። አልቆጠርኩም። ወር ሳይሞላ ለአሥር ቀን የአመራር ሥልጠና ሄድኩ። ቆንጆ አዳራሽ ነበር። ስለ ራእይ ተማርን፣ ስለ ተልእኮ ተማርን፣ የለውጥ መሣሪያ የሚባሉትን ሁሉ አየን። ቦርሳና ኮፍያ ተሰጠን፣ አበላችንን ይዘን ወደየቤታችን ተመለስን። ሞጁሉ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ጥራዙ ጠንካራ ነው።

በሦስተኛው ወር ኦዲተር መጣ። ሞዴል 19 ላይ የገባውና ሞዴል 22 ላይ የወጣው ሲመሳከር መጋዘኑ ውስጥ መኖር የነበረበት ቆርቆሮ የለም። የፈረምኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ያዳነኝ ከጎረቤት ወረዳ የመጣ፣ እንደ እኔው ያለ ኃላፊ ነው፤ ስብሰባ ቀርቶብን ሻይ ቤት ተገናኘን። ነገሬን ስነግረው ሳቀ። «እኔንም አግኝቶኛል» አለ። የቆጠራ ኮሚቴ እንዴት እንደሚቋቋም፣ ቃለ ጉባኤው እንዴት እንደሚጻፍ፣ ለማን በግልባጭ እንደሚላክ፣ ንብረት ክፍሉን በቁጣ ሳይሆን በምን ዓይነት አነጋገር መጠየቅ እንዳለብኝ፣ ሁሉን በሁለት ብርጭቆ ሻይ አስተማረኝ። ሥልጠናው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። አሥሩ ቀን ውስጥ ግን አንድም ሰው «ሳትቆጥር አትፈርም» አላለኝም፤ አሠልጣኙም የእኔን ሥራ ሠርቶት አያውቅም።

አማርኛችን ሥልጣንንና ሥልጠናን ከአንድ ሥር አውጥቷቸዋል። በኑሯችን ግን ሥልጣኑ ዓርብ ይመጣል፣ ሥልጠናው ለከርሞ ይቀጠራል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሬጂናልድ ሬቫንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ በ1907 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ በወጣትነቱ በአምስተርዳም ኦሊምፒክ በርዝመት ዝላይ የተወዳደረ፣ በካምብሪጅ የፊዚክስ ተመራማሪ የነበረ ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች በመንግሥት እጅ ሲገቡ የማዕድን ኃላፊዎችን ማሠልጠን ግድ ሆነ። ሬቫንስ ለእነዚህ ሰዎች ፕሮፌሰር መቅጠር አልታየውም። የማዕድን ኃላፊዎቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ጉድጓድ እየጎበኘ፣ እያንዳንዱ የራሱን ችግር አምጥቶ እርስ በርስ እንዲጠያየቁ ነው የፈለገው። ኋላ ይህንኑ በለንደን ሆስፒታሎች ሞከረው። ሐሳቡን ያስቀመጠው በሒሳብ መልክ ነው፤ በመጽሐፍ ያለው እውቀትና ጥሩ ጥያቄ ሲደመሩ ትምህርት ይሆናሉ። አንዱ ብቻውን አይበቃም። የጨነቁ ስካውት ሬቫንስን አያውቁትም፣ ሬቫንስም ጨነቅን አያውቅም፤ እሳት ዳር የተሠራው ግን ያው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለጎንደር ምድር አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ድጓ የፈለገ ቤተልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፣ አቋቋም የፈለገ ጎንደር በአታ ይገባል። ጥበቡ ወዳለበት ቦታ ሰው ይሄዳል እንጂ ዙር አምባ ተነቅሎ አዳራሽ ድረስ አይመጣለትም። አበልም የለም፤ አኩፋዳ ነው ያለው፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነው ቁራሽ። ቅኔ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉን የሚያስተምሩት የኔታ ብቻ አይደሉም። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ይሰማዋል፣ ያርመዋል፤ የሰማውን ቅኔ አይገለብጥም፣ የራሱን ይቆጥራል፣ በሰው ፊት ያቀርባል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። የታረመ ተማሪ ያዝናል፣ ግን ከቤቱ አይባረርም። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዘመናዊውም ቢሆን በዚሁ በኩል ሥር አለው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የተለየ ነገር አደረገ። በደምቢያ ወባ ብዙ ሰው በጨረሰ ማግስት ነበር፤ ሐኪም የለም፣ ገጠሩ ሰፊ ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) በአንድ ላይ አሠለጠነ፤ ኋላ ጤና ጣቢያ ገብተው አብረው የሚሠሩትን ሰዎች አስቀድሞ አብሮ ማስተማር ማለት ነው። ጤና መኮንኑ ሕመምተኛ ያክም ነበር፣ ግን ጤና ጣቢያውን የሚመራውም እሱ ነበር። ስለዚህ አመራርን ከሌላ ቦታ አልተማረውም፤ ተማሪ ሳለ ከነርሷና ከሳኒታሪያኑ ጋር በቡድን ገጠር ወጥቶ፣ ውኃው የት ይጠለፍ፣ ክትባቱን ማን ይያዝ እያለ ሲከራከር ነው የተማረው። ይህ የቡድን ሥልጠና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዘልቋል። ዳባት ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ልደትና ሞትን ቤት ለቤት የሚከታተልበት የምርምር ማዕከል አለው። የዳባት ሰዎች ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ በቡድን ሲዞር ማየት ለምዳችኋል። ያ ተማሪ በሽታ ብቻ አይደለም የሚማረው። መኪና ሲዘገይ፣ ጓደኛው ሲያኮርፍ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይገኝ ሲቀር ሥራን ማስኬድ ይማራል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለዛሬው ጉዳዬ የቀረበው የሆስፒታሎቹ ታሪክ ነው። በፊት ሆስፒታል የሚመራው ብዙውን ጊዜ ጎበዝ የተባለው ሐኪም ነበር። ጎበዝ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ያውቃል፤ የጄኔሬተር ናፍጣ መቼ እንደሚያልቅ ግን ማንም አላስተማረውም። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ልምድ ያላቸውን የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ጥቂት ሆስፒታሎች ውስጥ ከኢትዮጵያውያኑ ኃላፊዎች ጎን አስቀመጠ። አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ከጎናቸው፣ እዚያው ቢሯቸው። ቀጥሎ በ2008 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የማስተርስ ትምህርት ጀመረ። ሥራ አስኪያጆቹ ለአጭር ጊዜ ጅማ እየገቡ ይማራሉ፣ የቀረውን ጊዜ ሆስፒታላቸው ውስጥ ናቸው፤ የቤት ሥራቸው የራሳቸው ሆስፒታል ችግር ነው። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ረዝሟል? እንግዲያው የሰሚስተሩ ጥናት እሱ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ቀናሁ፤ የእኔ ቆርቆሮ የማስተርስ ርእስ መሆን ይችል ነበር።

በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት ተመሠረተ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሆስፒታሎች በየአካባቢው በክላስተር ይሰባሰባሉ፣ ከመካከላቸው ጠንከር ያለው መሪ ይሆናል፣ አንዱ ዘንድ የሠራውን ነገር ሌሎቹ ሄደው ያያሉ፣ በየራሳቸው ይሞክሩታል። በመጀመሪያው ዙር የያዙት ጉዳይ የታካሚ እርካታ ነበር። ሥራ አስኪያጅ ለሥራ አስኪያጅ ሲያሳይ የሚተላለፈው ነገር መመሪያ ላይ ከተጻፈው ይለያል። መመሪያው «የመድኃኒት ክምችት በአግባቡ ይያዝ» ይላል። ጎረቤት ሥራ አስኪያጅ ግን «ፋርማሲስቱ ዓርብ ከሰዓት ካልቆጠረ ሰኞ ትዋረዳለህ» ይልሃል።

መምህራንም አላችሁ። ጉድኝት የምትሉት ይኸው ነው፤ ማዕከል የሆነ ትምህርት ቤትና በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶች። ተሙማም አለ፣ ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ። ፋብሪካዎቹ ካይዘን የሚሉት አሠራር አላቸው፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓኖች ድጋፍ ተሞከረ፣ በ2011 ኢንስቲትዩቱ ተቋቋመ። እንግዲህ አደረጃጀት አልጎደለንም። እንዲያውም የተረፈን እሱ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ብዙው ወረቀት ላይ ቀርቶ፣ ፋይሉ ሲታይ ሁሉም ጉድኝት በየወሩ ተገናኝቶ ሁሉም «ውጤታማ ውይይት» አድርጎ የሚገኘው?

አሁን ወደ ቅኔ ቤቱ ልመለስ፤ የታረመ ተማሪ አይባረርም ብያችሁ ነበር። በመሥሪያ ቤቶቻችን ትልቁ ችግር መማማሪያውንና መገምገሚያውን አንድ ወንበር ላይ ማስቀመጣችን ነው። አንድ ለአምስት ሲባል የነበረውን አደረጃጀት አስታውሱ። ስሙ መማማር ነበር፤ ግን በዚያው ቡድን በኩል ሪፖርት ይሄዳል፣ በዚያው በኩል ነጥብ ይሰጣል፣ በዚያው በኩል ማን ምን አለ ይባላል። እንግዲህ ማን ሞኝ ነው «እኔ ሰኔ 30 ሲደርስ በጀቴን እንዴት እንደምዘጋ አላውቅም» ብሎ እዚያ የሚናገር? ሰው ስህተቱን የሚያወጣው ስህተቱ በማይቆጠርበት ቦታ ነው። ግምገማ አያስፈልግም አላልኩም፣ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው ይገመገም። ግን ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው። ጨነቅ ላይ ያ ልጅ አፉን የከፈተው የጉዞ ወኪሉ ባለቤት በማብሰያዋ ጎጆ ውስጥ ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ችግር ምርጥ ተሞክሮ የምንለው ነገር ነው። ተቀመረ፣ ሰፋ ይባላል። ሊጎበኝ የሚመጣው ሰው የሚያየው የተቀባ ግድግዳና የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው። እኔ የምፈልገው ግን እንዴት እንደተሳሳታችሁ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ከሸፈ? ማን አኮረፈ? እንዴት ታረቃችሁ? ይህ በብሮሹር አይታተምም። ስለዚህ የልምድ ልውውጥ ስትሄዱ አንድ ዘዴ ልስጣችሁ፤ ኃላፊውን ከሰማችሁ በኋላ ንብረት ክፍሉን ወይም ጸሐፊዋን ሻይ ጋብዙ።

ልምድ በወረቀት ሳይሆን በሰው እንደሚተላለፍ ለማየት የሰሜን ተራሮች ፓርክን ራሱን እዩት። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ የክልልና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች፣ በፓርኩ ውስጥ ያለውን የግጭ መንደር ለቀው ደባርቅ የሠፈሩት ገበሬዎች፣ ሁሉም ያሉበት ጉዳይ ነው። በ21 ዓመት ውስጥ ኃላፊ ስንት ጊዜ ይለዋወጣል? አንዱ ከገበሬዎቹ ጋር ተጨቃጭቆ የተማረውን ቀጣዩ ከየት ያገኘዋል? ከርክክብ ሰነድ አይገኝም። ከሚያውቁት ሰዎች ነው፤ ስልካቸው ካለ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠልም ያየነው ይህንኑ ነው። ገደል ለገደል የሚሄድ እሳት ነበር። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ስካውቱ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ በመጨረሻ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል መጡ። በእንዲህ ያለ ቀን ኃላፊ አዲስ ወዳጅ አያፈራም። ቀድሞ ያወቀውን ሰው ነው የሚደውልለት፤ ጃናሞራ ማን አለ፣ አዲ አርቃይ ማን አለ፣ መኪና ያለው ማን ነው። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣና ደባርቅና ዳባት በተፈናቃይ ሲሞሉም ርእሰ መምህራን በአንድ ሌሊት የመጠለያ ኃላፊ ሆኑ። ለዚህ የተሰጠ ሥልጠና አልነበረም። የቻሉትን የቻሉት አንዱ ለሌላው እየደወለ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያየሁትን፣ ራሴም የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ሥራቸው የእናንተን የሚመስል፣ ግን መሥሪያ ቤታቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ፈልጉ፤ የዳባቷ ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ የደባርቁ፣ የአምባ ጊዮርጊሷ። አለቃና ምንዝር በአንድ ቡድን አይግባ። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ሰው እንዳትሆኑ ደግሞ አንድ ከሌላ ሙያ ጨምሩ። ከሆቴል ባለቤት የሠራተኛ ፈረቃ አያያዝ የተማረች ርእሰ መምህር አውቃለሁ።

በወር አንድ ጊዜ ተገናኙ። የገበያ ቀን ጥሩ ነው፣ መኪና ይገኛል። አበል አይኑር፤ አበል የገባበት ስብሰባ አበሉ ሲቆም ይቆማል። የሻዩን ሒሳብ በየተራ ክፈሉ፣ እንደ ዕቁብ። ተራው የደረሰው ሰው አንድ ጉዳይ ያቅርብ፤ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም፣ የመንግሥት ፖሊሲም አይደለም፣ እሱ ራሱ በሚቀጥለው ሳምንት የሆነ ነገር ማድረግ የሚችልበት የራሱ ጉዳይ። ሌሎቹ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምክር መስጠት ክልክል ነው። መጠየቅ ብቻ። ይቺ ደንብ ከሁሉ ትከብዳለች። እኛ አበሾች ምክር ለጋሾች ነን፤ ሰው ሆዴን ቆረጠኝ ሲል ገና ሳይጨርስ ጤና አዳም እንቆርጣለን። ታገሱ። «መቼ ጀመረ? ከዚህ በፊት ምን ሞክረህ ነበር? ሠራተኛዋን ራሷን ጠይቀሃታል? ዝም ብትል ምን ይመጣል?» በሉት። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓቱ ሳያልቅ ባለ ጉዳዩ መልሱን ራሱ ይናገራል።

ሲለያዩ ምን እንደሚሞክር ይናገር፤ ቀጣዩ ስብሰባ የሚከፈተው በዚያ ነው፤ ሞከርኩ፣ ሆነ፤ ወይም ሞከርኩ፣ አልሆነም። አልሆነም ያለ ሰው ሻይ አይከፍልም ብትሉ ደስ ይለኛል። የተባለው ነገር ከዚያ አይውጣ። ቃለ ጉባኤ አይያዝ፤ ይቅር፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቃለ ጉባኤ የሌለበት ስብሰባ ይኑረን። የሠራተኛን ገመና ስም እየጠሩ ማውራት ግን ነውር ነው፣ ሐሜት እንጂ ትምህርት አይደለም።

የቴሌግራም ግሩፕ አለን ትላላችሁ። አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት አበባ ይላክበታል፣ ቀን ሰርኩላር፣ ማታ የበዓል መልካም ምኞት። ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ላይ ማን «ጨነቀኝ» ይጽፋል? ለመረጃ ይጠቅማል፣ ይኑር። መማማሪያው ግን ድምፅና ዓይን ይፈልጋል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስልክ።

ሥልጠና ለምትልኩና ለምታዘጋጁም አንድ ቃል አለኝ። የሥራ አመራር ኮርስ አስፈላጊ ነው፤ የፋይናንስ ደንብ፣ የግዢ መመሪያ በሻይ ቤት ወሬ አይታወቅም፤ በስህተት ቢተላለፍ ደግሞ ያስጠይቃል። ግን ሰውዬው ሲመጣ የራሱን ችግር በወረቀት ይዞ ይምጣ፣ ሲመለስ ከሠልጣኞቹ መካከል በየወሩ የሚያገኛቸውን አራት ሰዎች ይዞ ይመለስ። ቦርሳውና ኮፍያው ቢቀር ማንም አይጎዳም። ጡረታ የወጡ ጥሩ ኃላፊዎችም በየከተማው ተቀምጠዋል፤ ደባርቅ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁትን ጠይቋቸው። ማንም ስላልጠየቃቸው ነው ዝም ያሉት።

ያ የጨነቁ ልጅ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልሠራም። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ ጦርነት ጎብኚውን አራቀው፣ በቅሎዎቹም ብዙ ጊዜ ተራ የሚጠብቁ ሆኑ። ባለፈው ደባርቅ ላይ አገኘሁት። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፣ ሁለት ሠራተኛ አላቸው፣ አንደኛው ያረፍዳል። ምን ልታደርገው ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ዛሬ ማታ እነ ጋሼን አማክራለሁ» አለኝ።

እናንተም፣ አድማጮች፣ ይህ ዝግጅት እንዳለቀ አንድ ወረቀት ውሰዱ። እንደ እናንተ ዓይነት ሥራ ላይ ያሉ፣ አለቃችሁም የበታቻችሁም ያልሆኑ የአራት ሰዎች ስም ጻፉበት። አራት ካልሞላላችሁ በሁለት ጀምሩ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ፣ ፊርማ ከመፈረማችሁ በፊት፣ ለአንዳቸው ደውሉ።